ፍቅር፣ ኺድማና ጀመዓ በጅግጅጋ ሜዳ

ዮጋ ዛሬ በብዙ አገር የሰውነት ማፍታቻ ተደርጎ ቢታወቅም፣ በበቀለበት በሕንድ ምድር ግን መላ ኑሮን የሚገዛ ሥርዓት ሆኖ ኖሯል፤ ራስን በፍቅር ለአምላክ መስጠትን የሚያስተምረው መንገድ ባክቲ ዮጋ፣ ዋጋ ሳይጠብቁ ሥራን መሥራትንና ሰውን ማገልገልን የሚያስተምረው ደግሞ ካርማ ዮጋ የሚባል ሲሆን፣ ሁለቱም በመምህር ዙሪያ በሚሰበሰብ ማኅበር ውስጥ ሲጸኑ ቆይተዋል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ማለትም ፍቅርን፣ አገልግሎትንና ማኅበርን በአንድ ሥርዓት አስተሳስሮ የመኖር ልማድ በጅግጅጋና በሰሜኑ የሶማሌ ክልል ከተሞች ሲፈለግ፣ የሚገኘው በሌላ ሃይማኖትና በሌላ ስም፣ በእስልምና ውስጥ በሱፊዎች መንገድ ነው።

ሁለቱ ሥርዓቶች በታሪክ ፈጽሞ ሳይተዋወቁ የኖሩ አይደሉም። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታላቁ ሊቅ አል ቢሩኒ የዮጋ መሠረት የሆነውን የፓታንጃሊን መጽሐፍ ወደ ዓረብኛ መልሶታል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በሕንድ የጓሊዮር ከተማ ያስተማረው የሱፊ ሼህ ሙሐመድ ገውስ የዮጊዎችን የአተነፋፈስና የተመስጦ ልምምድ በፋርስኛ ጽፎ አቅርቧል። ይህ ሲባል ግን የሶማሌ ሼሆች ትምህርታቸውን ከሕንድ ቀዱ ለማለት አይደለም፤ የእነርሱ የትምህርት ሰንሰለት በሐረርና በየመን በኩል አድርጎ እስከ ባግዳድ የሚዘልቅ ነው።

በዚህ ሰንሰለት ራስ ላይ የሚገኙት እ.ኤ.አ. በ1166 በባግዳድ ያረፉት ሼህ አብዱልቃዲር አል ጀይላኒ ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራው የቃዲሪያ ጠሪቃ፣ ማለትም በአንድ ሼህ ትምህርት የሚመራ መንፈሳዊ ጎዳና፣ ወደ ሐረር የገባው በኤደን ባረፉት በሸሪፍ አቡበክር አል ዓይደሩስ አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። ከሐረር ወደ ምሥራቅ ወደ ጅግጅጋ ሜዳ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሐርጌሳ የወረደው ትምህርት በጽሑፍ ብቻ የሚተላለፍ አልነበረም፤ ሙሪድ፣ ማለትም ደቀ መዝሙር፣ ለሼሁ ቃል ገብቶ የአላህን ስም ደጋግሞ የማውሳት ሥርዓት የሆነውን ዚክርን ይቀበላል፤ በተለይም ለዓርብ አጥቢያ በሚደረገው ሐድራ ላይ ከወንድሞቹ ጋር ክብ ሠርቶ ትንፋሹን ከድምፁ፣ ድምፁን ከሰውነቱ ንቅናቄ ጋር እያስማማ ያመሰግናል። የወሎን ሐድራና መንዙማ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ጎዳና በሶማሌ ምድር ካስፋፉት ሰዎች መካከል ሼህ አብዱረሕማን ቢን አሕመድ አል ዘይለዒ ከፊተኞቹ ይቆጠራሉ። ማዕከላቸውን በኦጋዴን ውስጥ በምትገኘው ቆሎንቆል አድርገው እ.ኤ.አ. በ1882 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ደቀ መዛሙርትን ሲያፈሩ ኖረዋል፤ በዓረብኛ የቃላት እርባታ ላይ የደረሱት ሥራም የሰዋስው ሊቅነታቸውን ይመሰክራል። የቃዲሪያን ጎዳና በጽሑፍ የጠበቁትና እ.ኤ.አ. በ1952 ያረፉት ሼህ አብዱላሂ አል ቁጥቢም የወጡት ከዚያችው ከቆሎንቆል ነው፤ ሼሁ በሶማሌ ሱፊዎች ዘንድ በሰፊው የሚታወቀውን አል መጅሙዓ አል ሙባረካ የተባለ ስብስብ ያዘጋጁ ሰው ናቸው። ከብት አርቢዎች ውኃና ግጦሽ ተከትለው በሚንቀሳቀሱበት አገር እንዲህ ያለ የመጽሐፍ ሰፈር ተተክሎ መቆየቱ በራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

የመጽሐፉ ሰፈር እንዲቆይ ያደረገው ግን ጀመዓ የሚባለው የኑሮ ሥርዓት ነው። ጀመዓ ማለት በአንድ ሼህ ዙሪያ ተሰብስበው እያረሱ፣ እየተማሩና እየጸለዩ የሚኖሩ ሰዎች መንደር ሲሆን፣ መሬቱን ብዙ ጊዜ የሚሰጡት የአካባቢው ጎሳዎች ናቸው፤ ሁለት ጎሳዎች በሚዋሰኑበት ቦታ ላይ የተሰጠ እንደሆነ መንደሩ በመካከላቸው የሰላም ወሰን ሆኖ ያገለግላል። የሼሁን ማሳ አባላቱ በጋራ ያርሱታል፣ ያጭዱታልም፤ ለየራሳቸው የሚያርሱትን ቁራሽ መሬት ደግሞ ሼሁ ያከፋፍላቸዋል። ከሼሁ ማሳ የሚገኘው እህል የእንግዳ፣ የተማሪና የችግረኛ ቀለብ ይሆናል፤ ኺድማ፣ ማለትም ለአላህ ተብሎ የሚሰጥ አገልግሎት፣ በዚህ አገር ከሁሉ አስቀድሞ የሞፈርና የማጭድ ሥራ ነበር። በሐረር የተማሩት ሼህ መዳር በዚያው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ጀመዓ ዛሬ የሐርጌሳ ከተማ ሆኗል፤ በጅግጅጋ ሜዳና በስተምሥራቁ ባለው አገር የማሽላ እርሻ በሶማሌዎች ዘንድ እንዲለመድም እንዲህ ያሉ የሃይማኖት ሰዎች መንደሮች ድርሻ ነበራቸው።

የዚህን ሥርዓት ክብደት ለመመዘን በሶማሌ ኅብረተሰብ ውስጥ የዘር ሐረግ ያለውን ቦታ ማስታወስ ያስፈልጋል። አንድ ሰው በሰው እጅ ቢሞት መግ የሚባለውን የደም ካሳ የሚቀበሉለት፣ ገዳይ ቢሆን ደግሞ የሚከፍሉለት በአባቱ በኩል የሚወለዱት ዘመዶቹ ናቸው፤ ዘመድ የሌለው ወይም ዘመዱ ጥቂት የሆነ ሰው ጋሻ እንደሌለው ይቆጠራል። ጀመዓ ለእንዲህ ያለው ሰው በሩን የከፈተ ቤት ነበር፤ በዚያ የሚኖሩት እርስ በርስ ኢኽዋን፣ ማለትም ወንድማማቾች፣ ተብለው ይጠራሩ ስለነበር፣ ከተለያየ ዘር የመጡ ሰዎች በአንድ ማሳ ላይ ይሠሩና ከአንድ ማዕድ ይቆርሱ ነበር። የሱፊዎቹ ፍቅር ከግጥምና ከዜማ አልፎ ሥጋና ደም የለበሰው እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከጀመዓው ውጭ የነበረው ማኅበረሰብም የራሱን ኺድማ ያደርግ ነበር። ሔር የሚባሉት ተዘዋዋሪ የሃይማኖት ተማሪዎች መምህራቸውን ተከትለው ከመንደር መንደር ሲሄዱ፣ ወተትና እህል የሚያቀርብላቸው የደረሱበት መንደር ሕዝብ ነው፤ በሰሜን ኢትዮጵያ የቆሎ ተማሪ፣ በወሎም ደረሳ በሕዝብ ምጽዋት እየኖረ እንደሚማር ሁሉ፣ ሔሩም የተማረው በራሱ አቅም ሳይሆን በአርብቶ አደሩ ቸርነት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን የጠሪቃዎቹ ታሪክ ሰላም ብቻ ነበር ማለት አይደለም። መካ ላይ በሰይድ ሙሐመድ ሷሊሕ የተመሠረተው የሷሊሒያ ጠሪቃ ወደ ሶማሌ ምድር በገባ ጊዜ፣ ከተከታዮቹ አንዱ የሆኑት ሰይድ ሙሐመድ አብዱሌ ሐሰን ዴርቪሽ የተባለውን የጦር ንቅናቄ መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1900 ጅግጅጋ ላይ የሰፈረውን የኢትዮጵያ ጦር ያጠቁትም የተዘረፉ ግመሎችን ለማስመለስ ነበር። ዴርቪሾቹ በሞቱ ቅዱሳን አማላጅነት መማጸንን በመቃወማቸው ከቃዲሪያ ጋር የጀመረው ክርክር በግጥም ከመነቃቀፍ አልፎ ወደ ደም ደረሰ፤ የቃዲሪያው ታላቅ ሼህ ኡወይስ አል ባራዊ እ.ኤ.አ. በ1909 በዴርቪሾች እጅ ተገደሉ። ሟቹም ገዳዮቹም ዚክር የሚያደርጉ፣ በሼህ ፊት ቃል የገቡና በጀመዓ መኖርን የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም፤ ሥርዓት ብቻውን ፍቅርን አያስጠብቅምና፣ የጠሪቃዎችን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ምዕራፍ ዘሎ ማለፍ አይችልም።

ከዚያ ዘመን በኋላም ሰሜናዊው የሶማሌ ምድር ለቅዱሳኑ ያለውን ክብር አልተወም። የአውበሬ ከተማ ስሟን ያገኘችው መቃብራቸው በዚያው ከሚገኘው ቅዱስ ነው፤ አው የሚለው ማዕረግ በሐረርም በሶማሌም ለሃይማኖት አባት የሚሰጥ ሲሆን፣ ሲያሮ በሚባለው የመቃብር ጉብኝት ጊዜ እንስሳት ይታረዳሉ፣ የመጣው ሁሉ ይበላል። እንግዳን የመቀበሉ ልማድ ከሃይማኖት በዓል አልፎ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በጦርነት ስትደበደብ ነው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ጅግጅጋ ዙሪያ የገቡ ሲሆን፣ በጊዜው በዓለም ካሉት ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ የነበረው ሐርታ ሼክ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር። ያን ጊዜ ውኃውንና ግጦሹን ያካፈለው ሕዝብ ይህን ያደረገው በአመዛኙ በዝምድና ምክንያት ነው፤ ሆኖም ለእንግዳ መሥዋዕት መሆንን ለትውልዶች ሲሰብክ የኖረው የጀመዓው ትምህርት በዚያ ውስጥ ድርሻ የለውም ለማለት ያስቸግራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በጽሑፍ ችላ የተባለው የሴቶቹ ድርሻ ነው። ሲታት በሚባለው ሥርዓት በሰሜን ሶማሌ አገሮች ያሉ ሴቶች ለብቻቸው ተሰብስበው፣ ዕጣንና ሽቶ እያጠኑ፣ ከበሮ እየመቱ ከሔዋን ጀምሮ እስከ ነቢዩ ልጅ እስከ ፋጡማ ድረስ ያሉትን የእምነት እናቶች በዜማ ያወድሳሉ፤ የምጥ ቀን የቀረበባት እርጉዝ ሴት ስትኖርም ተሰብስበው በእናቶቹ ስም ይለምኑላታል። ለጉባኤው የሚያስፈልገውን ዕጣንና ምግብ ሴቶቹ በመዋጮ ያሟላሉ፤ ያዘነችና የታመመችም እዚያው ትጠየቃለች። የሶማሌ ታሪክ ተመራማሪዋ ሊድዊን ካፕታይንስ ከማርያም ዑመር ዓሊ ጋር በጅቡቲ የተሰበሰቡ ዜማዎችን ካጠኑ ወዲህ ሲታት በዓለም የጥናት መድረክ ሊታወቅ ችሏል። በጅግጅጋና በአውበሬ ያሉት ዜማዎች ከጅቡቲዎቹ በምን እንደሚለዩ መርምሮ፣ የሚያወጡትን ሴቶች ስምና ዜማ በየራሳቸው አንደበት መመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2007 ለተመሠረተው ለጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሥራ ነው፤ ዜማዎቹን በቃላቸው የያዙት አረጋውያን እናቶች ናቸውና ሥራው በቶሎ ቢጀመር ይሻላል።