የኢስትሊ ግድግዳና የድሮው ሽቦ

ኢስትሊ እ.ኤ.አ. በ1921 ተመሠረተች። በዓመቱ የናይሮቢና የሞምባሳ መብራት ድርጅቶች ተዋህደው ኢስት አፍሪካን ፓወር ኤንድ ላይቲንግ ኩባንያ ሆኑ። ሠፈሩ መጀመሪያ በብዛት የህንዶች መኖሪያ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን የጋሪሳ ሎጅ መኝታ ክፍሎች ቀን ሱቅ፣ ማታ ማደሪያ ሆኑ፤ ትልልቆቹ የገበያ ሕንጻዎች ከዚያ በኋላ መጡ።

ቤቶቻችን ሥራ ሲቀይሩ የብዙዎቹ ሽቦ የድሮው ቀረ። በእንግሊዞች አሠራር ኑትራሉ ብዙ ጊዜ ጣሪያው ላይ አምፖሉ ጋ ይቀራል፤ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው አይወርድም። በስልክ ከሚታዘዙት ማብሪያዎች ግን አብዛኞቹ ያለ ኑትራል አይሠሩም። ስለዚህ ቤት የምናድስ ሁሉ ግድግዳው ሳይለሰን በፊት ፉንዲውን ኑትራል እንዲያወርድልን እንንገረው። አለዚያ ዕቃውን ገዝተን አንዱን ግድግዳ ሁለቴ እናፈርሳለን።