ጠላቂው ማታለያና ቀለሙ፤ የአሜሪካ ግድቦች ስላመጡት አንድ የዓሣ ማጥመጃ

የታሪክ ተማሪ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ቢጽፍ የሚደነቅ የለም፤ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ሲጽፍ ግን አንባቢው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ አንድ ትንሽ ዕቃ የአንድን አገር የመሬትና የውኃ ለውጥ ከብዙ ሰነድ ይልቅ ገልጦ የሚያሳይበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አሜሪካኖች ባስ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ ወደ ጥልቅ ውኃ የሚሰዱትን ማታለያና የሚቀቡትን ቀለም ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ዕቃ የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የፈልሳፊዎችን ስም በተራ የሚደረድር ነው፤ እገሌ ቀረጸ፣ እገሌ አሻሻለ፣ እገሌ ሸጠ ይላል። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው ጠላቂውን ማታለያ የወለደው የአንድ ሰው ብልሃት ሳይሆን የግድብ ሥራ ነው ወደሚል አሳብ ደርሰናል። ቀለሙ ሌላ ታሪክ አለው፤ እርሱን ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

በመጀመሪያ ዓሣውን እናስተዋውቅ። አፈ ሰፊው ባስ የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ተወላጅ ነው። ለእኛ አገር የሚቀርበው በኬንያ በናይቫሻ ሐይቅ የሚገኘው ሲሆን፣ እርሱም በ1920ዎቹ መጨረሻ ከውጭ አምጥተው የለቀቁት ነው። ባስ አድፍጦ የሚያድን ዓሣ ነው፤ በጉቶ፣ በድንጋይ ወይም በሣር ጥግ ቆሞ የሚያልፈውን ትንሽ ዓሣ ይነጥቃል። ማታለያው ደግሞ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ሆዱ ወፈር ያለ፣ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆዎች የተንጠለጠሉበት ዓሣ መሰል ዕቃ ነው። ከአገጩ ሥር ወደ ፊት የወጣ ጠፍጣፋ ከንፈር አለው። ውኃ ላይ ተጥሎ ዝም ቢሉት ይንሳፈፋል፤ ክሩ በመዘውር ሲጠቀለል ግን ውኃው ከንፈሩን እየተጫነ አፍንጫውን ወደ ታች ያስደፋዋል፤ ግራና ቀኝ እየተንቀጠቀጠም ይወርዳል። አሜሪካኖች ክራንክቤይት ብለው የሚጠሩት መዘውሩን በማዞር ስለሚሠራ ነው።

የእንጨት ማታለያ አነሣሥ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ሚስተር ጄምስ ሄደን ናቸው። በሚሺጋን ግዛት በዶዋጂያክ ከተማ ንብ ያረቡ የነበሩት እኚህ ሰው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በአንድ የወፍጮ ኩሬ ዳር ተቀምጠው እንጨት ሲጠርቡ ቈይተው የጠረቡትን ቢወረውሩት ባስ ብቅ ብሎ መታው ይባላል። ታሪኩ ለማስታወቂያ እጅግ የሚመች በመሆኑ እንደ ተረት ብንይዘው ይሻላል፤ የማያጠራጥረው ነገር የሄደን ቤተ ሰብ ከዚያ በኋላ በማታለያ ሥራ ስሙ የታወቀ ፋብሪካ ማቋቋሙ ነው። በ1910ዎቹ ደግሞ በኢንዲያና ግዛት በጋሬት ከተማ ክሪክ ቸብ የተባለው ኩባንያ በእንጨቱ አፍ ላይ የብረት ከንፈር ገጠመ።

«እንግዲያውስ ከንፈሩ ከግድቦቹ አስቀድሞ ነበረ፤ አሳባችሁ እንዴት ይቆማል?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን የያኔው ከንፈር አጭር ነበር፣ ተግባሩም ማንቀጥቀጥ እንጂ ማጥለቅ አልነበረም የሚል ነው። ዓሣ አጥማጁ የሚያውቀው ውኃ ኩሬ፣ ጅረትና ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነበርና ከጥቂት ጫማ በታች የሚወርድበት ምክንያት አልነበረውም። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው የ1932 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በሰኔ 2 ቀን ጆርጅ ፔሪ የተባሉ ወጣት ገበሬ በጆርጂያ ግዛት በሞንትጎመሪ ሐይቅ 22 ፓውንድ ከ4 ኦውንስ የሚመዝን ባስ በክሪክ ቸብ ማታለያ አወጡ። ይህ ክብደት እስከ 2009 ድረስ ተወዳዳሪ አላገኘም፤ በዚያ ዓመት በጃፓን በቢዋ ሐይቅ የተያዘው ዓሣ ከእርሱ ጋር ተስተካክሎ ተመዝግቧል። ነገር ግን ሞንትጎመሪ ሐይቅ ከኦክመልጊ ወንዝ የተቈረጠ አሮጌ የወንዝ ጠመዝማዛ እንጂ ትልቅ ጥልቅ ሐይቅ አልነበረም። የዓለሙን ትልቅ ባስ ለመያዝ ጠላቂ ማታለያ አላስፈለገም ማለት ነው።

ከፔሪ ዓሣ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1933፣ የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣን የተባለው የመንግሥት ድርጅት ተቋቋመ። ዓላማው ጎርፍን መግታት፣ ወንዙን ለመርከብ ማመቻቸትና የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት ነበር፤ ማንም ለዓሣ አጥማጅ ብሎ ግድብ አልሠራም። የኖሪስ ግድብ በ1936፣ ፒክዊክ በ1938፣ ገንተርስቪል በ1939፣ የኬንታኪ ግድብ በ1944 ተፈጸሙ። ለኖሪስ ሐይቅ ብቻ ወደ 3,000 የሚጠጉ ቤተ ሰቦች ከመሬታቸው ተነሥተዋል። ዛፉ ተቈርጦ ጉቶው ቀረ፤ ቤቱ ፈርሶ መሠረቱ ቀረ፤ የጋሪና የመኪና መንገዱም እንዳለ ውኃ ውስጥ ገባ። የድሮው ወንዝ አልጋ በአዲሱ ሐይቅ ሆድ ውስጥ እንደ ቦይ እየተጠማዘዘ ይታያል፤ በግራና በቀኙ ሜዳ የነበረው እርሻ ከ10 እስከ 20 ጫማ ውኃ ሲሸፍነው፣ ከሜዳው ጫፍ ወደ ቦዩ ድንገት ገደል ይሆናል። በበጋ የላይኛው ውኃ ሲሞቅ ባስ ከዳር ርቆ በዚህ የገደል ጫፍ ይሰበሰባል። ዓሣ አጥማጆቹ ስፍራውን ሌጅ ይሉታል። እስከ ታችኛው ወለል ድረስ ግን አይወርድም፤ በበጋ ብዙውን ጊዜ ከሞቃቱ ሽፋን በታች ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ኦክስጅን ያንሰዋል።

እንግዲህ አባቱ በጅረት ላይ ያጠምድበት የነበረውን ማታለያ ይዞ በዚህ ሐይቅ ላይ ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ማታለያው ከዓሣው ራስ በላይ 15 ጫማ ርቆ ያልፋል።

ለአሳባችን የበለጠ የሚያጠነክረን ግን በቴክሳስ የሚታየው ነገር ነው። በቴክሳስና በኦክላሆማ ድንበር ላይ በቀይ ወንዝ የተሠራው የዴኒሰን ግድብ በ1944 ሲያልቅ የቴክሶማን ሐይቅ ፈጠረ። ሐይቁ በቴክሳስ በኩል የሚነካቸው አውራጃዎች ኩክና ግሬይሰን ናቸው። በዚያው በ1940ዎቹ፣ የኩክ ዋና ከተማ በሆነችው በጌንስቪል፣ ቦምበር የተባለው ጠላቂ ማታለያ ተሠራ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ የግሬይሰን ዋና ከተማ በሆነችው በሸርማን ዎፐር ስቶፐር የተባለው ኩባንያ ሄልቤንደር የተባለውን ረጅም ከንፈር ያለው ማታለያ አወጣ። ቦምበር ስሙ እንደሚያመለክተው በጦርነቱ ዘመን ቦምብ አምሳያ የተቀረጸ ነው፤ ወፍራሙ ጫፉ ወደ ኋላ ስለ ሆነ ወደ ኋላ የሚዋኝ ይመስላል። ሁለት የታወቁ ጠላቂዎች በአንድ አዲስ ሐይቅ ዳር፣ በጎረቤት ከተሞች፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መወለዳቸውን እንዲያው አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይከብደናል።

የመሣሪያውን ነገር ወደ ትምህርት ያደረሱት በሰሜን ካሮላይና የሂከሪ ከተማ ሰው የሆኑት ሚስተር ባክ ፔሪ ናቸው። ከላይ ከጠቀስናቸው ፔሪ ጋር አያምታታን። በ1940ዎቹ ስፑንፕላግ የተባለ ከብረት የተሠራ ጠላቂ ማታለያ ፈጠሩ፤ ከዚያም ይበልጥ «ከሁሉ አስቀድሞ ጥልቀትና ፍጥነት፣ ቀለም ከዚያ በኋላ» የሚል ትርጉም ያለው ትምህርት በየሐይቁ እየዞሩ አስተማሩ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ካርል ሎውራንስ የተባሉት ሰው በጀልባ ላይ የሚያዝ፣ በድምፅ ሞገድ ጥልቀት የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ ለሽያጭ ባቀረቡ ጊዜ የፔሪ ትምህርት በዓይን የሚታይ ሆነ። ሐይቁ ከመሞላቱ በፊት የተነሡ የመሬት ካርታዎችም ዋጋ አገኙ። የተፈናቀለው ገበሬ መንገድ የዓሣ አጥማጅ ምልክት ሆነ ማለት ነው፤ ይህን የታሪክ ተማሪ ያለ ሐዘን ሊያነበው አይችልም።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ፈጠን ብለን እንለፍ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በምሥራቅ ቴኔሲ ፍሬድ ያንግ የተባሉ ሰው ከባልሳ እንጨት እየጠረቡ ቢግ ኦ የተባለውን ድቡልቡል ማታለያ ሠሩ፤ ብዛቱ ጥቂት ስለ ነበረ ለውድድር በቀን ኪራይ ይወሰድ ነበር ይባላል። በ1973 የአርካንሶው ኮተን ኮርዴል በፕላስቲክ ሠርተው ለሕዝብ አደረሱት። የሚያስገርመው ቢግ ኦ ራሱ ብዙ የማይጠልቅ ሲሆን የክራንክቤይት ዘመን የሚቈጠረው ከእርሱ ጀምሮ መሆኑ ነው። ሬይ ስኮት በ1967 በአርካንሶው በቢቨር ሐይቅ ያስጀመሩት ትልቅ የባስ ውድድርም ገበያውን አሰፋው፤ የቢቨር ግድብ ያለቀው በ1966 ነበርና እዚህም ግድቡ ይቀድማል። በ1982 ፖል ኢላይስ በአላባማ ወንዝ የባስማስተር ክላሲክን ያሸነፉት በጀልባቸው ላይ ተንበርክከው የዘንጉን ጫፍ ውኃ ውስጥ እየነከሩ ነው፤ በዚህ ብልሃት ማታለያው ጥቂት ጫማ ጨምሮ ወረደላቸው። በ1993 ዴቪድ ፍሪትስ በሎገን ማርቲን ሐይቅ ያሸነፉትም በጠላቂ ማታለያ ነው።

ለመምረጥ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከዚሁ ታሪክ ይወጣል። ከንፈሩ በረዘመና ከሰውነቱ ጋር ቀጥ ባለ መጠን ጥልቀቱ ይጨምራል። ወፍራም ክር ውኃው ስለሚይዘው ማታለያውን ወደ ላይ ይጎትታል፤ ስለዚህ ጥልቀት የፈለገ ሰው ከ10 እስከ 12 ፓውንድ የሚችል ቀጭን ክር ይይዛል። ማታለያው የሚጠልቀው ቀስ በቀስ ነው፤ ከውርወራው መካከል ላይ ወለሉን ይደርስና ወደ ጀልባው ሲቀርብ ይነሣል። ከዚህ የተነሣ የሚወረውረው ሰው ከገደሉ ጫፍ እጅግ አሳልፎ መወርወር አለበት። እኛ ይልቁን የምናምንበት ደንብ ውኃው 15 ጫማ ቢሆን 18 የሚወርደውን መምረጥ ነው። ማታለያው ጭቃውን መጫር፣ ጉቶውን መግጨት ይገባዋል፤ ከንፈሩ ቀድሞ ስለሚመታ መንጠቆው ከመያዝ ይድናል፣ ገጭቶ አቅጣጫ ሲለውጥም ባስ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው በዚያች ቅጽበት ነው። በአላባማ የዩፋውላ ከተማ የሚገኘው የማን ኩባንያ ማታለያዎቹን 20 ፕላስና 30 ፕላስ ብሎ በጫማ ልክ መሰየሙ ጥልቀት ራሱ የሚሸጥ ነገር እንደ ሆነ ያሳያል።

አሁን ወደ ቀለም እንመለስ። እዚህ ላይ የሰነድ ጉዳይ ይነሣል። ስለ ቀለም የተጻፈው አብዛኛው ምንጭ የሻጭ መዝገብና የአሸናፊ ሰው ቃል ነው። የተሸነፈው ሰው በምን ቀለም እንደ ተሸነፈ የጻፈ የለም፤ አሸናፊውም ቀለሙን ባይለውጥ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር አያውቅም። ዓሣው ደግሞ ቃሉን አይሰጥም። ክሪክ ቸብ ማታለያውን በመረብ መሰል ጨርቅ ሸፍኖ ቀለም በመርጨት የቅርፊት መልክ ሲያወጣ የገዛው የሰው ዓይን ነው፤ 15 ጫማ ጥልቀት ላይ እየተንቀጠቀጠ የሚያልፈውን ቅርፊት ባስ ቈጥሮ ያደንቃል ብለን አናምንም።

ቢሆንም ከሻጭ መዝገብ ውጭ ሁለት ምስክሮች አሉን። በ1937 ፍራንክ ብራውን የተባሉ ሊቅ በኢሊኖይ ግዛት ባሶችን በምግብና በቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት እያለማመዱ ቀለም የመለየት ኃይላቸውን መረመሩ። ባስ ቀይን በሚገባ እንደሚለይ፣ አጠቃላይ አስተያየቱም በቢጫ መነጽር እንደሚመለከት ሰው ያለ መሆኑን ጻፉ። ከ82 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ በዚያው በኢሊኖይ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የባስን ዓይን መርምረው ለአረንጓዴና ለቀይ የሚነቁ ሁለት ዓይነት የቀለም ተቀባዮች ብቻ እንዳሉት አሳተሙ። በሙከራቸው ባሶቹ ቀይንና አረንጓዴን ለይተዋል፤ ሰማያዊን ከጥቁር፣ ሻርትሩዝ የሚባለውን አረንጓዴ ያለበት ደማቅ ቢጫ ደግሞ ከነጭ መለየት አቅቷቸዋል። በመካከሉ፣ በ1980ዎቹ፣ በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ መምህር የነበሩት ዶክቶር ሎረን ሂል የውኃውን ብርሃን ለክቶ የሚበጀውን ቀለም የሚያመለክት መሣሪያ አውጥተው ነበር። መሣሪያው ዛሬ ከትዝታ አያልፍም፤ መነሻው ግን ስሕተት አልነበረም፤ ቀለም ከውኃው ተለይቶ አይታይምና። በጠራ ውኃ ውስጥ ቀይ ብርሃን ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል፤ ከላይ ቀይ የነበረው ማታለያ ከታች ጠቈር ያለ ይሆናል። በደፈረሰ ውኃ ግን ቀድሞ የሚጠፋው ሰማያዊው ነው።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው አጥማጆች በጠራ ውኃ ሻድ የተባለችውን ብርማ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ፈዘዝ ያለ ቀለም፣ በደፈረሰ ውኃ ሻርትሩዝ፣ በጸደይ ወራት በድንጋያማ ዳር ደግሞ መቈንጠጫ ያለውን ክሬይፊሽ የሚመስል ቀይ መምረጣቸው ከሞላ ጎደል ከሳይንሱ ጋር ይስማማል። በቴኔሲ ሌጆች ላይ እጅግ ከሚወደዱት አንዱ ጀርባው ሰማያዊ፣ ጎኑ ሻርትሩዝ የሆነው ነው። ሰው ሲያየው በተፈጥሮ ውስጥ ምንም የማይመስል ዕቃ ነው። የ2019ኙን ሙከራ ይዘን በባስ ዓይን ብንመለከተው ግን ጀርባው ጥቁር፣ ጎኑ ነጭ ይሆናል፤ ይህም የሻድ መልክ ነው።