ኃጢአትና ወንጀል

ኃጢአት የሆነው ሁሉ በዳኛ ፊት ወንጀል ይሆናልን? የእንግሊዝ አገር ታሪክ ይህን ጥያቄ አጉልቶ ያሳያችኋል፤ ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እንነግራችኋለን።

በ1533 ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ወንድ ከወንድ ጋር የሚፈጽመውን ግንኙነት በሞት የሚያስቀጣ ሕግ አወጡ። በ1861 የሞቱ ቅጣት ቀርቶ በእስራት ተተካ። በ1957 ሰር ጆን ዎልፈንደን የመሩት ኮሚቴ፥ አዋቂዎች ወደውና ፈቅደው በግል የሚያደርጉት ከወንጀልነት እንዲወጣ አሳሰበ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጄፍሪ ፊሸር ይህን ሐሳብ ደገፉ፤ ተተኪያቸው ማይክል ራምሴይም በ1965 በሎርዶች ምክር ቤት ተሟገቱለት። ሁለቱም ድርጊቱን ኃጢአት አይደለም አላሉም፤ ነገር ግን ኃጢአትን ከወንጀል ለይተው አዩ። ሕጉ በ1967 ተሻሻለ።

ክርክሩ ግን ከሸንጎ ወጥቶ ወደ ቤተ መቅደስ ገባ። በ1998 በላምቤዝ ጉባኤ የአንግሊካን ጳጳሳት በ526 ድምፅ ለ70፥ ድርጊቱ ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር አይስማማም ብለው ወሰኑ፤ በዚያው ውሳኔ ሰዎቹን ሊያዳምጡ ቃል ገቡ። ማኅበራቸው በዚህ ነገር እስከ ዛሬ እንደ ተከፈለ ነው።

እንግዲህ በመዝገብ ላይ ስትፈርሙ፥ ብዕሩ የመንግሥት እንደ ሆነ፥ የሰውን ልብ የሚመዝነው ሚዛን ግን በሌላ እጅ እንዳለ ልብ በሉ።