ፈስሶ የተሠራና ተገጥሞ የተሠራ
ስለ ባቡር አምሳያዎችና ስለ ለገሃር

አንድ ታላቅ ነገር በታናሽ አምሳያ ሲሠራ፥ ሠሪው ከሁለት መንገዶች አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። አንደኛው፥ ዝርዝሩን ሁሉ ከዋናው አካል ጋራ አንድ አድርጎ በቅርጽ ማፍሰስ ነው። ሁለተኛው፥ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ሠርቶ በየቦታው መግጠም ነው። የባቡር አምሳያ በሚሠሩና በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ይህ ምርጫ ብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። ነገሩ ሲሰሙት የጨዋታ ዕቃ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን የአባቶችን ሥራ ለተተኪው ትውልድ በምን ዐይነት እናሳየው ከሚለው ጥያቄ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ በጥቂቱ ልንመረምረው ወደድን።

የጀርመኑ ሜርክሊን ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 በላይፕሲግ ገበያ የሐዲዳቸው ስፋት በደንብ የተወሰነ የባቡር አምሳያዎችን አቀረበ። በዚያ ዘመን አካሉ ከቆርቆሮ ይሠራ፥ ዝርዝሩም ብዙውን ጊዜ በቀለም ብቻ ይሣል ነበር። በ1938 የእንግሊዙ ሆርንቢ «ዱብሎ» የተባለውን ሲያወጣ የመኪናው አካል ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ማዕድን ተሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ፕላስቲክ ተስፋፋ።

ፕላስቲኩ ቀልጦ በኀይል ወደ ብረት ቅርጽ ይገባል፤ ሲበርድም ቅርጹ ተከፍቶ ይወጣል። ከግድግዳው ርቆ የቆመ የእጅ መያዣ ግን ቅርጹን አንቆ ስለሚይዝ በቀላሉ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ መያዣው ከግድግዳው ጋራ ተጣብቆ እንደ ጎላ ያለ መስመር ብቻ ይቀራል። ቅርጹን ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ በኋላ ግን ብዙ ሺሕ አካል በርካሽ ያወጣል። በዚያው ዘመን የጃፓን የእጅ ባለሙያዎች ቧንቧውንና መያዣውን ለየብቻው ሠርተው በናስ አካል ላይ እየበየዱ ለአሜሪካ ገበያ ይልኩ ነበር። የዚህ ሥራ ውበቱም ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። በእውነተኛው ባቡር ላይ 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው መያዣ 1 ለ 87 በሆነ አምሳያ ላይ የሚሊሜትር አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሚሆን፥ ከቀጭን ሽቦ ተሠርቶ ቢገጠም በጥቂት ግፊት ይሰበራል።

ይህ ክርክር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአክሱም ሐውልቶች ላይ የተዘጋ በር፥ መስኮትና የፎቅ ደረጃ ተቀርጾ ይታያል፤ የሠረገላ እንጨቶች ጫፍ የሆነው «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለውም ክብ ጌጥ እንዲሁ። ይህ ሁሉ ከአንድ ደንጊያ የወጣ ነው። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግን ያው የዝንጀሮ ራስ ግድግዳውን የሚያያይዝ እውነተኛ እንጨት ነው። ሐውልቱ የቤትን መልክ ያሳየናል፤ ደብረ ዳሞ ግን ቤቱ እንዴት እንደ ቆመ ያስተምረናል። ዳሞን ያላየ ሰው የሐውልቱን ክብ ነገር ጌጥ ብቻ ነው ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። «ሰምና ወርቅ» የምንለውም የቅኔ ስልት ስሙን ያገኘው ከአንጥረኛው ሥራ ነው፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በስፍራው ይፈሳልና።

አሁን ወደ ለገሃር እንምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. ስላረፉ ፍጻሜውን አላዩም። የዛሬው የጣቢያ ሕንጻ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር፥ ርዝመቱም እስከ ጅቡቲ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የእንፋሎት መኪናዎቹ ከጦርነቱ በኋላ በናፍጣ ሞተር ተተኩ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራውና ሐዲዱ ሰፋ ያለው አዲሱ መስመር ተመረቀ። የእርሱ ጣቢያ በከተማው ዳር በለቡ በኩል ስለ ሆነ፥ የለገሃር ሕንጻ ባቡሩን አጥቶ ቀርቷል።

ስሙ ራሱ የፈሰሰ ቅርጽ ነው። በፈረንሳይኛ «ላ» መስተአምር፥ «ጋር» ጣቢያ ነው፤ በእኛ አንደበት ግን ሁለቱ ቀልጠው አንድ ቃል ሆኑ። ካዛንቺስም እንዲሁ የኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞችን ቤቶች ከሠራው ድርጅት አሕጽሮተ ስም፥ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው፥ የተገኘ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ አሮጌ መንደር ብዙ ክፍል ሲፈርስ ስሙ ቀረ፤ ስሙን የወለዱት ቤቶች ግን እየጠፉ ሄዱ። ቃሉን ለይቶ የሚያስረዳ ሰው ከሌለ ነገ ተማሪው ትርጉሙን ከወዴት ያገኘዋል?

ስለዚህ የቀድሞውን ባቡር አምሳያ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተ መዘክር የሚያሠራ ሰው ቢኖር ምን እንመክረዋለን? ሁሉን ለየብቻው ግጠሙ አንልም። የተማሪ እጅ የሚነካው ዕቃ ጽኑ መሆን አለበት፤ ደግሞም በእውነተኛው ጋን ላይ እንደ ተመታ ምስማር ያለ ከአካሉ የማይለይ ነገር ፈስሶ ቢሠራ ሐሰት የለበትም። በእውነቱ ዓለም ተለይቶ የቆመው ግን በአምሳያውም ተለይቶ ይቁም፤ ይልቁንም የሰው እጅና እግር ያረፈበት። ነጂው ሲወጣ የጨበጠው መያዣ፥ እሳት አንዳጁ የረገጠው ደረጃ፥ ፍሬን ጠባቂው ያዞረው መዘውር ከግድግዳ ጋራ ከተጣበቀ፥ ልጁ መኪናውን እንጂ ሠራተኛውን አያስበውም። ደረጃው ቢሰበር መልሶ መግጠም ይቻላል፤ የደረጃው ጥቅም ከተረሳ ግን የሚመልሰው የለም።

በእንፋሎቱ ዘመን የሠሩት ሰዎች እያለፉ ነው። በሕይወት ያሉት ሳያልፉ፥ የእያንዳንዱን መያዣና መዘውር ስምና ሥራ ከአንደበታቸው ሰምቶ መመዝገብ ከአምሳያው የሚቀድም ሥራ ነው ብለን እናምናለን።