ከሉባንጃ እስከ ማስቲሽ፦ የአንድ አሟሚ ፈሳሽ አደገኛነት እንዴት ተመደበ?

በሀዋሳ ባህል አዳራሽ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



በኬሚካል በርሜሎች ላይ በቀይ መስመር የተከበበ፣ በማዕዘኑ የቆመ አራት ማዕዘን ምልክት ሳታዩ አትቀሩም። በአንዱ ውስጥ ነበልባል፣ በሌላው ውስጥ ደረቱ ላይ ኮከብ መሰል ስንጥቅ ያለበት የሰው ምስል ይገኛል። ተመልካች እነዚህን ምልክቶች ሲያይ ቤተ ሙከራ በአንድ ቀን የሰጠው ፍርድ ይመስለዋል። እኔ የታሪክ ተማሪ እንደመሆኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። የአንድ ንጥረ ነገር አደገኛነት በተፈጥሮው ውስጥ ያለ ነው፤ ምደባው ግን የታሪክ ውጤት ነው። እያንዳንዱ ምልክት የተለጠፈው ተጎጂዎች ከተቆጠሩ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ማን ተቆጠረ፣ ማንስ ሳይቆጠር ቀረ የሚል ነው።

ስሙ

ለምሳሌ የመረጥኩት አሟሚ በአማርኛ ስንጠራው ገና ከመነሻው ያደናግረናል። የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት ቤንዚን ይሉታል፤ መኪናችን የሚጠጣውን ነዳጅም ቤንዚን እንለዋለን። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ነዳጁ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ሲሆን የምናገርለት ንጥረ ነገር በውስጡ በጥቂቱ ይገኛል። እንዳይምታታብን ዛሬ ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ ባወጣለት ስም ቤንዞል እያልኩ እጠራዋለሁ።

የስሙ ጉዞ ወደ ራሳችን ገበያ ይመልሰናል። የዓረብ ነጋዴዎች ከሱማትራና ከአካባቢዋ የሚመጣውን መዓዛማ ሙጫ «ሉባን ጃዊ»፣ ማለትም የጃዋ ዕጣን፣ ይሉት ነበር። የእኛ ሉባንጃ የዚህ ቃል ዘር ነው። አውሮፓውያን የቃሉን መጀመሪያ ቆርጠው «ቤንዞይን» አሉት፤ ከሙጫው የሚገኘውም አሲድ በዚሁ ስም ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1833 ሚቸርሊኽ የተባለ ጀርመናዊ ይህን አሲድ ከኖራ ጋር አሙቆ ንጹሕ ፈሳሽ አወጣና ከሙጫው ስም ተነሥቶ ሰየመው። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ ግን ያንኑ ፈሳሽ ቀደም ብሎ በ1825 ለመብራት ከሚያገለግል ጋዝ ዝቃጭ ለይቶት ነበር።

ሊቃውንቶቻችን «ስም ይመርሖ ኀበ ግብሩ» ይላሉ፤ ስም ወደ ግብር ይመራል ማለት ነው። የዚህ ፈሳሽ ስም ግን ወደ ግብሩ አልመራም። የዕጣን ስም የተሸከመ፣ ሽታውም ደስ የሚል ፈሳሽ የአጥንት መቅኔን እንደሚያደርቅ ማን ይጠረጥራል? ለዚህ ነው ከስም ሌላ ምደባ ያስፈለገው።

መጀመሪያ የታየው እሳት ነበር

ቻርልስ ማንስፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጨረሻ ቤንዞልን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በብዛት ማጣራት የሚቻልበትን መንገድ አገኘ። በ1855 ሲያጣራው የነበረው የቅጥራን ፈሳሽ ተቀጣጥሎ በቃጠሎው ሕይወቱ አለፈ። ቤንዞልን ለኢንዱስትሪ ያበቃው ሰው ከእሳት አደጋው የመጀመሪያ ሰለባዎች አንዱ ሆነ።

ሕግም ቀድሞ የተናገረው ስለ እሳት ነው። ብሪታንያ በ1862 ባወጣችው የፔትሮሊየም ሕግ አደገኛ ፈሳሽን የለየችው ተቀጣጣይ ተን በሚሰጥበት የሙቀት መጠን ነበር። በ1879 ደግሞ በዝግ ጽዋ የሚደረግ መለኪያ ተደንግጎ ወሰኑ 73 ዲግሪ ፋራናይት ሆነ። ይህ ወደ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠጋል። ዛሬ በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ከፍተኛ ተቀጣጣይነት ያላቸውን ፈሳሾች ከቀሪዎቹ የሚለየው ቁጥርም ይኸው 23 ዲግሪ ነው። ቤንዞል ከዜሮ በታች በ11 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ይሰጣል፤ ተኑም ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ እየተሳበ ርቆ የሚገኝ እሳት ሊደርስ ይችላል።

እሳት ለምን ቀደመ? እሳት በአንድ ቀን፣ በምስክር ፊት ይገድላል፤ ከሰው ጋር ሕንፃና ሸቀጥ ስለሚያወድም ባለንብረቱና መድን ሰጪውም አብረው ይከሳሉ። የደም በሽታ ግን በዝምታ ይመጣል። ሠራተኛዋ ከፋብሪካው ከወጣች ከዓመታት በኋላ ቤቷ ውስጥ ትታመማለች፤ ሕመሟንም ከበርሜሉ ጋር የሚያገናኝ ሰው አይኖርም።

ደምን ለመቁጠር የፈጀው ዘመን

በ1897 ሳንቴሶን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም በኡፕሳላ ከተማ ከሚገኝ የብስክሌት ጎማ ፋብሪካ የመጡ ዘጠኝ ወጣት ሴቶችን ጉዳይ አሳተመ። ጎማን ለማሟሟት ቤንዞል ይጠቀሙ ነበር። ሰውነታቸው ይበልዛል፣ ይደማሉ፣ መቅኔያቸው ደም መሥራት አቁሟል፤ አራቱ ሞቱ። ማስረጃው በዚያ ዓመት በእጅ ነበር ማለት ነው።

ሆኖም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤንዞል ይበልጥ ተስፋፋ። ለፈንጂ የሚሆን ቶሉዊን ለማግኘት የተተከሉት የከሰል ማጣሪያዎች ቤንዞልንም በብዛት ያወጡ ነበርና ጦርነቱ ሲያበቃ ርካሽ አሟሚ ሆኖ ገበያውን አጥለቀለቀው። የአሜሪካ የሥራ ሕክምና ፈር ቀዳጅ አሊስ ሃሚልተን በ1922 በኢንዱስትሪ ውስጥ እያደገ ስለመጣው የቤንዞል መመረዝ አስጠነቀቀች። በ1928 ዴሎርና ቦርጎማኖ የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች በቤንዞል ሲሠራ በኖረ ሰው ላይ የደም ካንሰር መከሰቱን ዘገቡ።

ቁጥሮቹን ደግሞ እንመልከት። የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ንጽሕና ባለሙያዎች ጉባኤ በ1946 ያስቀመጠው ጣሪያ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 100 እጅ ቤንዞል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ያሳተመው ሰነድ ራሱ፣ ፍጹም አስተማማኝ የሚባለው መጠን ዜሮ ብቻ መሆኑን አመነ። የአሜሪካ መንግሥት በ1978 ጣሪያውን ወደ 1 እጅ ሊያወርድ ቢሞክር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ሻረው፤ እንደገና የጸናው በ1987 ነው። ከኡፕሳላ ሴቶች እስከዚህ 90 ዓመት ይቆጠራል። እነዚህን ቁጥሮች ያወረዳቸው አዲስ እውቀት ብቻ አልነበረም፤ የታወቀውን ለማመን የፈቀደ ተቋምም ያስፈልግ ነበር።

መድኃኒቱ በሽታ ሲሆን

ከእኛ ኑሮ ጋር በጣም የሚቀራረበው ምሳሌ የኢስታንቡል ነው። በዚያች ከተማ ጫማና ቦርሳ የሚሠሩት በጠባብና አየር በማይገባባቸው ክፍሎች ሲሆን ሙጫቸው ቤንዞል ነበረበት። የደም ሐኪሙ ሙዛፈር አክሶይ ወደ እርሱ የሚመጡ ሕመምተኞችን ሙያቸውን ይጠይቅ ነበር። በ1974 ባሳተመው ጥናት 28,500 ከሚሆኑ የጫማ ሠራተኞች መካከል 26ቱ በደም ካንሰር ወይም በዋዜማው መያዛቸውን አሳየ። የጥናቱ መነሻ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1982 ቤንዞልን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ጎራ ሲመድብ ከተመሠረተባቸው ማስረጃዎች መካከል የእነዚህ ጫማ ሰፊዎች ደም ይገኝበታል።

የሙጫ ፋብሪካዎች በየአገሩ ቤንዞልን ሲተዉ ብዙዎቹ ሄክሳን ወደተባለ አሟሚ ዞሩ። በጃፓን በ1960ዎቹ በየቤታቸው ነጠላ ጫማ የሚያጣብቁ ሠራተኞች፣ በጣልያንም የጫማ ሠራተኞች፣ እግርና እጃቸው እየደነዘዘና እየዛለ መጣ። ሄክሳን በሰውነት ውስጥ ተለውጦ የነርቭን ጫፍ የሚጎዳ ንጥረ ነገር ይሆናል። መቅኔን ለማዳን ነርቭ ተከፈለ። ምደባ በአንድ ዓይነት ጉዳት ብቻ ሲወሰን አደጋው ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወደ ሌላው ይሸጋገራል እንጂ አይጠፋም።

አንድ የምልክት ቋንቋ

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1971 ባጸደቀው ስምምነት ቁጥር 136 ቤንዞልን ለብቻው አንሥቶ ደነገገ። በዝግ ሥርዓት ካልሆነ በቀር ለአሟሚነት እንዳይውል፣ በዕቃው ላይም ስሙና የአደጋ ምልክቱ በግልጽ እንዲታይ አዘዘ። ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ፈሳሽ አንድ ስምምነት ማውጣት አይቻልም። ምልክቶቹም ከአገር አገር ይለያዩ ስለነበር አንዱ አገር መርዝ ያለውን ሌላው ጎጂ ብቻ፣ ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይለው ያሳልፈው ነበር።

በ1992 በሪዮ የተደረገው ጉባኤ አንድ ወጥ ሥርዓት እንዲዘጋጅ ወሰነ፤ ሥርዓቱ በታኅሣሥ 2002 ተጠናቆ በ2003 ታተመ። ዘጠኝ ሥዕላዊ ምልክቶች አሉት፤ የማስጠንቀቂያ ቃላቱ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አደጋዎችንም በአካላዊ፣ በጤናና በአካባቢ ይከፍላል። ቤንዞል በዚህ ሥርዓት በተቀጣጣይነት ሁለተኛ ምድብ፣ በካንሰር አምጪነት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ይገባል። በተጨማሪም የዘር ቅንጣትን ይለውጣል፤ በተደጋጋሚ ሲነካ ደምን ይጎዳል፤ ሲዋጥ ወደ ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላል፤ ቆዳንና ዓይንን ያቆጣል። የማንስፊልድ ቃጠሎ፣ የኡፕሳላ ሴቶችና የኢስታንቡል ጫማ ሰፊዎች በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ።

ከአዋጅ እስከ ሃይላንድ

በአገራችን የፋብሪካ ሠራተኛን የሥራ ሁኔታ ለመቆጣጠር ቀደም ብሎ የወጣው ሕግ አዋጅ ቁጥር 58/1936 ነው። ከዚያም የ1968፣ የ1985፣ የ1996 እና የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ተከታተሉ። ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የሚደነግገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 155 በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የሠራተኛ መብት መሆኑን ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛው ሥራው ስለሚያስከትለው አደጋ እንዲያውቅ የማድረግ ግዴታ ይጥልበታል። የኢንዱስትሪ ኬሚካል ምዝገባና አስተዳደር አዋጅም በቁጥር 1075/2010 ወጥቷል። ስለዚህ ሕግ የለንም ማለት አይቻልም።

ሀዋሳ ይህን ጉዳይ በቅርብ የምታውቅ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ፍሳሽ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቁ የሚያደርሰው ጫና ለረጅም ጊዜ አጥኚዎችን ሲያነጋግር ኖሯል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ሥርዓት የተዘረጋለት ከዚህ ዓይነቱ ሥጋት ተምረን ነው፤ መልካም ተደርጓል። የታሪክ ተማሪ ግን አንድ ነገር ልብ ይላል። ውኃ የሚበክለውን መመደብና መለካት ለምደናል፤ አሟሚ ፈሳሽ ግን ብዙውን ጊዜ የሚሄደው በቦይ አይደለም። ከጨርቅ ላይ ነጥብ ለማስለቀቅ የሚረጭ አሟሚ ይተናል፤ የሚወጣበትም አንዱ መንገድ የሠራተኛዋ ሳንባ ነው። ይህን የምለው የትኛውንም ፋብሪካ ለመክሰስ አይደለም። ሐይቁን ለመጠበቅ ያሳየነውን ጥንቃቄ ለእስትንፋስም እናሳይ ለማለት ነው።

የሕጉ ክንድ የማይደርስበት ቦታም አለ። በርሜሉ ከነምልክቱ ከውጭ ይገባል። ከዚያ ቲነሩ፣ የቀለም ማቅጠኛው፣ የጫማ ሙጫው ተቀንሶ በሃይላንድ ጠርሙስ ይሸጣል። በዚያች ቅጽበት ከኡፕሳላ እስከ ሪዮ የተጓዘው ታሪክ በሙሉ በርሜሉ ላይ ይቀራል፤ ጠርሙሱ የሚናገረው ስለ ውኃ ብቻ ነው። ሕፃን ቢጠጣው ሐኪሙ ምን እንደጠጣ የሚያውቅበት ጽሑፍ የለም።

ማስቲሽንም አስቡ። ጫማ ሰፊው የሚሠራበት ሙጫ ጎዳና ላይ በሚኖሩ ልጆች እጅም ይገኛል፤ ረሃብንና ብርድን ለመርሳት ይስቡታል። በእንዲህ ዓይነት ሙጫ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ቶሉዊንና ሄክሳንን የመሰሉ አሟሚዎች ናቸው፤ ቶሉዊን ለረጅም ጊዜ ሲሳብ አንጎልን ይጎዳል። ልጁ አሠሪ ስለሌለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አያውቀውም። በየትኛውም የሥራ በሽታ መዝገብም አይገባም። እኛ ሱሰኛ ብለን እንመድበዋለን፤ ሙጫውን ግን አንመድበውም።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ ተማሪዎች ሦስት ሐሳቦችን ልተው። ሕክምና የምታጠኑ፣ እንደ አክሶይ የታካሚያችሁን ሙያ ጠይቁ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ ጻፉ። ኬሚስትሪና ሕግ የምታጠኑ፣ ምልክቱ ከበርሜሉ ወደ ጠርሙሱ የሚከተልበትን መንገድ ፈልጉ፤ ጽሑፉም በሲዳምኛ፣ በአማርኛና ሠራተኛው በሚያነባቸው ሌሎች ቋንቋዎች ይሁን። ታሪክ የምታጠኑ ደግሞ የፋብሪካ ክሊኒኮችን መዝገብ ሳይጠፋ ሰብስቡ። የአውሮፓ ሴቶች ስቃይ ዛሬ የሚያስተምረን አንድ ሐኪም ስለጻፈው ነው፤ ያልተጻፈ ሕመም ወደ ምልክት አይለወጥም።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄና ለአስተያየት ክፍት ነው።