ቀዳዳውን ከመዝጋት ባሻገር፦ የፊስቱላ ሕክምና ታሪክ

ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ራስ የሽንት ፊኛን ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም የተቋረጠበት ሥጋ ይሞትና ከቀናት በኋላ ተቦድሶ ይወድቃል፤ በተፈጠረውም ቀዳዳ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ፊስቱላ የሚባለው ጉዳት ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ጉዳቱ በቀዳዳው ብቻ አይወሰንም። ያው ግፊት ወደ እግር የሚወርዱትን ነርቮች ስለሚጎዳ አንዳንድ ሴቶች እግራቸውን አንሥተው መራመድ ይሳናቸዋል። ፍሳሹ እንዲቀንስ ብለው ውሃ የማይጠጡም አሉ፤ ሽንቱ ግን ይበልጥ እየጠነከረ ቆዳቸውን ይልጣል፣ በፊኛቸውም ጠጠር ይፈጠራል። ሽታውን አፍረው፣ ከሰው ተለይተው ለረጅም ጊዜ ተጠቅልለው የተኙት ደግሞ ጉልበታቸው እንደታጠፈ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1849 በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ ሐኪሙ ማሪዮን ሲምስ ቀዳዳውን በብር ክር ሰፍቶ ለመዝጋት ቻለ። ይህ ውጤት የተገኘው ግን በባርነት የነበሩ ሴቶች ያለ ማደንዘዣ በተቀበሉት ሥቃይ ነው፤ ከእነርሱ አንዷ የሆነችው አናርካ 30 ጊዜ ያህል ቀዶ ሕክምና ተደርጎባታል። ሥራው የሚመዘነው ቀዳዳው በመዘጋቱ ወይም ባለመዘጋቱ ብቻ ነበር።

ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ በ1967 ዓ.ም. የፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። በዚያም የመዳን ትርጉም እየሰፋ ሄደ። የከሳችው ሴት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተመግባ ትጠነክራለች፤ እግሯ የታጠፈው በፊዚዮቴራፒ ትፍታታለች፤ በቆይታዋም ፊደል ትቆጥራለች። ለሕክምና መጥተው በዚያው የቀሩት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ቀዶ ሕክምናን በሥራ ላይ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1989 ከለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳይ ተሸልመዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀዳዳው ተዘግቶም ፍሳሹ የማይቆምላቸው ሴቶች ጉዳይ ነው፤ ሽንትን የሚቋጥረው ጡንቻ አብሮ ተጎድቷልና። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 የዳሌ ሥር ጡንቻዎችን ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ከአንድ የአየር ግፊት መለኪያ ጋር አቅርቦ ነበር፤ ሴቲቱ የማይታየውን የጡንቻዋን ጉልበት በመርፌው ንቅናቄ ታያለች። ዛሬ እንዲህ ያለው ልምምድ የፊስቱላ ሕክምና አካል ሆኗል። ለሁሉም ግን አይበቃም፤ ጉዳታቸው ሙሉ በሙሉ ሊጠገን ለማይችል ሴቶች ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር ተቋቋመ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ስፌቱ የያዘላት፣ ልብሷ ግን ዛሬም የሚረጥብባት ሴት በመዝገብ ላይ "ድናለች" ተብላ ብትጻፍ፣ የተሳሳተው መዝገቡ እንጂ ሴቲቱ አይደለችም።