ናልባንዲያኖች፦ አጎትና የወንድም ልጅ
በአገራችን ሙዚቃ ለረጅም ዘመን የቤተሰብ ሙያ ነበር፤ «አዝማሪ» የሚለው ስም ግን እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። ክብሩ ከፍ ካለባቸው መንገዶች አንዱ በስደተኛ ቤተሰብ በኩል የመጣ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ሲያስመጡ፣ የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ለጻፉት የብሔራዊ መዝሙር ግጥም ዜማውን የደረሱት እሳቸው ናቸው። አባቶቻችን፣ ሶዶም ሆነ ጎንደር፣ ሰንደቅ ሲሰቀል የዘመሩት የስደተኛ ዜማ ነበር! የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከአጎታቸው ይልቃሉ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአገር ቤት ዜማን ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀነባብረዋል፤ ወጣቶችንም ኖታ አስተምረዋል። መዝሙሩ ከአብዮቱ በኋላ ተተካ፤ ደቀ መዛሙርታቸው ግን መጫወታቸውን አላቋረጡም።